ሰሌኑ ላይ ማን ይቀመጥ

ዛሬ የጥንት ነገር ፈላጊዎች ብሩሽ ይዘው የሚንበረከኩበት ያ ነጭ አደባባይ፣ ያን ቀን ኖራው ገና አልደረቀም ነበር።

ሁለቱ መንደሮች፣ የላይኛውና የታችኛው፣ አንድ ጌታ ይኑረን ብለው ተማምለዋል። የበቆሎውን አምላክ ጭምብል አጥልቆ የጨፈረ፣ ፀሐይ ከመቅደሱ አናት ብቅ ሳትል የጌትነቱ ሰሌን ላይ የተቀመጠ፣ እስኪሞት አይነሳም። ጌታውን የመምረጥ ተራው የላይኞቹ ነው። ፀሐይ ከቀደመቻቸው ግን ሰሌኑም ሁለቱ መንደር የሚቀዱበት ኩሬውም ለታችኞቹ!

የላይኞቹ ሽማግሌ ሙዋን ጭንቅ ጥብብ ብሎታል። ጌታ እንዲሆን የመረጠው ቹዌንን ነው፤ ቹዌን ደግሞ ትናንት ማታ ከማር ጠጁ ጋር ሲታገል ታይቷል።

"ባልሽ የት አለ?" አላት የቹዌንን ሚስት ሳክኒክን። እጇ እስከ ክንዷ ሊጥ ነው።

"አይዞዎት አባባ፣ ጌታ አያጡም!" ብላው ሮጠች።

"ምነው፣ ጌታችሁ እንቅልፍ ጣለው እንዴ?" አለ የታችኞቹ አለቃ፣ ሆዱን ይዞ እየሳቀ። ሳቁ ሙዋንን ደስ አላለውም። ጠልፈውት ይሆናል፣ አለ በልቡ።

ከበሮው ተመታ። ጭምብል ለባሹ ብቅ አለ! ላባው ይርገበገባል፣ የእግሩ ዛጎል ይንሿሿል። አቤት ጭፈራ! ቹዌን እኮ እንኳን ሊጨፍር ቀጥ ብሎ መሄድም አይሆንለትም። ሙዋንን ላብ አጠመቀው። ከታችኞቹ አንዱ ቢሆንስ? ጭምብሉን እንዳይገልጥ ነውር ነው፤ ለባሹ አምላክ ነው።

ጭምብሉ ጭፈራውን አቋርጦ የመሥዋዕቱን ቂጣ ሊነጥቅ የመጣ ውሻ "ሂድ ከዚህ!" ብሎ አባረረ። ቀጠለና ሄዶ ሰሌኑ ላይ ዘፍ አለ። ወዲያው ፀሐይ ወጣች። እልልታው ቀለጠ።

ከጭምብሉ ውስጥ ድምፅ ጮኸ፤ ቅል ውስጥ ያለ ሰው ይመስላል።

"ውሃ በተራ! ድንጋይ መሸከምም በተራ! አንተ የሙዋን የወንድም ልጅ፣ ወገቤን ታመምኩ ብለህ የለ? ትናንት ማታ ማን ነው ሲዘል የነበረው? ተነስ!"

አደባባዩ በሳቅ ፈነዳ። የሙዋን ነፍስ ተመለሰች። የኛው ነው! ታችኞቹ ይህን ጉድ ከየት ያውቁታል? ኧረ የኔ አንበሳ ቹዌን!

በደስታ ሰክሮ ከሁሉ ቀድሞ መሬት ወደቀ። "እስከ ሞት ድረስ ጌታችን ነህ!" ብሎ ማለ። ሁሉም ተከተሉት፤ የታችኞቹ አለቃም ከንፈሩን እየነከሰ ተንበረከከ።

እልልታው ሳይበርድ፣ ከጎተራው ጀርባ ቹዌን ዓይኑን እያሻሸ ብቅ አለ። "ምን ሆናችሁ ነው የተንበረከካችሁት? ደግሞ ሚስቴን ያያት አለ? ቤት እኮ ቁርስ የለም!"