ክፍት ማጣሪያ

ሚስቱ ካረፈች ዓመት ሊሞላት ነው፤ ከተዝካሯ ወዲህ የግቢውን በር ያንኳኳ ሰው የለም። ቅዳሜ ጠዋት ሰውየው የድሮ የውድድር መኪናውን ኮፈን ከፈተ። የአየር ማጣሪያውን ሳጥን ነቀለና በምትኩ ሰፊ ቱቦና ክፍት ማጣሪያ ገጠመላት። አስነስቶ ነዳጁን ሲረግጠው ጩኸቷ ሰፈሩን አናወጠው።

በሩ ተደበደበ። ጎረቤቱ ወይዘሮ ውድነሽ ነበሩ።

«ምን ነካዎት ጋሼ? ሕፃን አስደነገጡብን እኮ!»

«ይቅርታ፣ አጠፋሁት። እስኪ ገባ ይበሉ፣ ሻይ አለ።»

እያመነቱ ገቡ። የሟችን ደግነት እያነሱ እስከ ምሳ ሰዓት ተጫወቱ። ሲወጡ፣ «በሉ ይህን ነገር ዛሬውኑ ይንቀሉልን» አሉ።

«እሺ፣ እነቅለዋለሁ።»

ከሰዓት በኋላ መለዋወጫ ሱቅ ገባና ባለሱቁን፣ «ከዚህ የባሰ የሚጮህ አለህ?» አለው።