የአባት ጉርሻ

ሐመልማል ለተማሪዎቿ የጥንት ግሪኮችን ተውኔት ስታስተምር፣ ባሏን ለመበቀል በልጆቿ ላይ የጨከነችውን እናት «አረመኔ» ትላት ነበር።

ውሎ አድሮ ነገሩ በራሷ ደረሰ፤ ባሏ ይስማው ከዳት። አዲስ የወጣ ሕግ፣ የተከዳ ሰው ከከዳው ሰው ትዝታ ውስጥ አንድ ሰው መርጦ ፈጽሞ እንዳይታወስ እንዲያስፍቅ ይፈቅዳል። ዘመድ ሁሉ «ውሽማውን አስፍቂ» ቢላትም፣ አንጀቷ እርር ብሎ ነበርና ከሁሉ አብልጦ የሚወዳትን ልጃቸውን ስምረትን አስፋቀች።

ይስማው ልብሱን ሊወስድ በምሳ ሰዓት መጣ። ሲንገበገብ ልታየው ጓጉታ «እህል ቅመስ» አለችው።

ስምረት ሮጣ ጎኑ ተሸጎጠች። የመጀመሪያዋን ጉርሻ ምንጊዜም የምትበላው ከአባቷ እጅ ነው። ዓይኗን ጨፍና አፏን ከፈተች።

«ስታምር! የማን ልጅ ናት?» አለ ይስማው።

«አባዬ፣ አጉርሰኝ እንጂ!»

«ሂጂ እናትሽ ታጉርስሽ፣ ሚሚዬ» አላት ፈገግ ብሎ። በልቶ ጠገበ፤ እጁን ታጠበ። ሻንጣውን አንስቶ በሩ ጋ ሲደርስ ወደ ሐመልማል ዞረ። «ማንን እንዳስፋቅሽብኝ እንጃ፤ እኔ ግን ምንም የጎደለኝ የለም።»

ሐመልማል ጉርሻ ጠቅልላ ለልጇ ዘረጋች። ስምረት አፏን ገጠመች።

«እማዬ፣ እኔ ምን አጥፍቼ ነው?»