ሰላዩ ከመነቀሉ በፊት

ከኮልፌ እስከ ቤቴል የአምሐን ስም ሰምቶ የማይንቀጠቀጥ ኮምፒውተር አልነበረም። በሚስቱ በኪዳን ስም ገብቶ የእድሩን ሰው ሁሉ በቴሌግራም የሰደበው ሌባ የገባበት መንገድም ተገኘ፤ የሚተየበውን ሁሉ፣ የይለፍ ቃሏን ጭምር፣ ወደ ሌባው ስልክ የሚልክ ሰላይ ፕሮግራም የቤታቸው ኮምፒውተር ውስጥ ተደብቆ ነበር።

«አውጣልኝ በቃ! ቀና ብዬ መሄድ አቃተኝ» አለች ኪዳን።

«ሳልበቀልልሽ? አይሞከርም!» አለና አምሐ እዚያው ሰላዩ ያለበት ኮምፒውተር ላይ እንደ መትረየስ ተየበ፦ «ሌባው ታውቋል። ፖሊስ በሩ ላይ ነው።»

ሊያጽናናት መጥቶ ሶፋው ላይ የተጋደመው ወንድሟ ባምላኩ ስልኩን አየ፤ ብድግ ብሎም መጋረጃውን ገለጠና ወደ ግቢው በር አጮለቀ።

አምሐ ወንበሩን ለቀቀለት። «ና፣ ተቀመጥ የኔ ጌታ። መጀመሪያ እድርተኛውን በገዛ ስምህ ይቅርታ ትጠይቃለህ፤ ሰላይህን የምነቅለው ከዚያ በኋላ ነው።»

ኪዳን እንባዋን ጠርጋ በሩን ቆለፈች።