የገረመው ቢላ

ትርንጎ የጥንት ሰዎችን የድንጋይ መሣሪያ በአጉሊ መነጽር እያየች፣ ጠርዙ ላይ ከቀረው ጭረት ምን ሲሠራበት እንደኖረ ስትለይ ያረጀች ሴት ናት። ቆዳ የፋቀውን እንጨት ከጠረበው፣ የግራኙን ከቀኝኛው ትለያለች። ሰሞኑን ግን መርሳት ጀምራለች፤ ሐኪሙም «እየባሰ እንጂ እየተሻለ አይሄድም» ብሏታል።

ስለዚህ የረሳችውን ከጭረቱ ልታነብ፣ አንድ ጠዋት የሟች ባሏን የገረመውን ቢላ ይዛ ሥራ ቦታዋ ሄደች። ገረመው ልኳንዳ ቤት ሥጋ ቆራጭ ነበር፤ እስከ ሞተበት ቀን የሠራው በዚህ ቢላ ነው። ልጇ ማህሌት ተከትላት መጣች።

«እማዬ፣ ቢላውም እኮ እንደ ቤታችን ዕቃ ሁሉ ሲያድር ጭረቱን አጥፍቶ ራሱን የሚያድስ ነው። ምን ታገኚበታለሽ?»

«ዝም በይ፣ ልየው።»

ስለቱ ዛሬ ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል። እጀታው ላይ አንድም ጭረት የለም። የገረመውን ማበጠሪያ፣ ጫማና ኩባያም ከቦርሳዋ እያወጣች አየች። አንዱንም ሰው ነክቶት የሚያውቅ አይመስልም። እነዚህ ራሳቸውን የሚያድሱ ዕቃዎች ገበያ የወጡ ጊዜ፣ አሮጌውን አውጥተን እንጣል እያለች ባሏን የነዘነዘችው እሷው ነበረች።

«አባትሽ በየትኛው እጁ ነበር የሚቆርጠው?» አለች ቀና ብላ።

ማህሌት አባቷ ሲሞት ገና በጀርባ የምትታዘል ነበረች። «እኔ በምን አውቄ፣ እማዬ? ካንቺ በቀር የሚያውቀው ማን ቀረ?»

ትርንጎ ዐይኗን ጨፍና ቢላውን በቀኝ እጇ ያዘችው፤ ቆይታ ወደ ግራዋ አዛወረችው። ለሁለቱም እጆቿ እኩል ተመቻት፤ ገረመውን ግን በየትኛውም አላገኘችውም።