የተበየደው ወንበር

ሾፌሩ ኦይታ አጭር ስለነበር ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ መሪው ካልሳበ እግሩ ፍሬኑ ላይ አይደርስም። የእርሻ ድርጅቱ ኃላፊ ጓድ ወርቅአፈራሁ ደግሞ ረጅም ነው፤ ባየው ቁጥር ይስቅበታል። ለኦይታ መኪና የመጡትን አዳዲስ ጎማዎች እሱ ራሱ ለሚነዳው መኪና አስገጥሞ መላጣዎቹን ለኦይታ የሰጠው ቀንም ስቋል።

«ጓድ፣ ይሄ ጎማ ምዕራብ ዓባያ አያደርሰኝም» ቢለው፣

«አንተን ለመሸከም ምን ያንሰዋል?» አለው።

ጎማው መንገድ ላይ ፈነዳ። ኦይታን ቀበሩት።

ከዚያ ወዲህ ወርቅአፈራሁ ጠዋት ጠዋት የራሱ መኪና ውስጥ ሲገባ ጉልበቱ ከመሪው ጋር ይላተማል። ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ተስቦ ያገኘዋል። ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ በማግስቱ ያው ነው። የግቢውን ዘበኛ በጥፊ አጮለው።

«ማንም አልነካውም ጓድ» አለ ዘበኛው ጉንጩን ይዞ።

በመጨረሻ ወንበሩን በራሱ ልክ ከወለሉ ጋር አስበየደው።

በማግስቱ ትናንት ልኩ የነበረው የካኪ ሱሪው ጫፍ ጫማው ሥር እየገባ ሲያደናቅፈው ልብስ አጣቢዋን ሰድቦ ወጣ። ወንበሩ ካስበየደበት ንቅንቅ አላለም። ደስ አለው። ቤንዚን በኩፖን ስለሆነ፣ እንደ ልማዱ ሞተሩን ሳያስነሳ የእጅ ፍሬኑን ፈታና ከሴቻ ወደ ሲቀላ ቁልቁል ለቀቀው። መኪናው በአዲሶቹ ጎማዎች ያለ ኮሽታ ፈጠነ። ኩርባው ጋ ሲደርስ እግሩን ወደ ፍሬኑ ሰደደ።

አልደረሰም።