ፒስተን የሌለው ሞተር

«ፒስተን የሌለው ሞተር ዕድሜ የለውም» አለ ሜካኒኩ ለስንተኛ ጊዜ፣ አጠገቡ ለቆመችው ሴት። የጂንካ ሹፌሮች ሁሉ እንዲሁ ይሉ ነበር፤ እንዲህ ዓይነት ሞተር ከፍቶ ያየ ግን አንድም አልነበረም። ወንድሟ ለውትድርና ሲሄድ አደራ ያላት የስፖርት መኪና ዘይት መጨረስ ሲያበዛባት እሷም አመነችና ሞተሩን አስፈትታ ለአንጥረኛ ሰጠችው። አሁን አንጥረኛው ወናፉን እየነፋ፣ ለካኮ ገበያ አምባር ሊሠራበት የሞተሩን አሉሚኒየም ያቀልጥ ነበር።

ከሞተሩ ሆድ የወጣውን፣ በፒስተን ፈንታ የሚሽከረከረውን ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ታቅፋ በጣቷ ዳሰሰችው። ጠርዙ አልተበላም፤ ጎኑ ላይ አንድ ጭረት የለም።

«ይሄ ነው ያለቀለት ሞተር?» አለች።

«እህቴ፣ ፍታው ያልሽኝ አንቺ ነሽ» አለ ሜካኒኩ ዓይኑን ከእሳቱ ሳያነሳ።

እውነቱን ነበር። ወንድሟም ሊሳፈር ሲል ስለ ዘይቱ አንድ ነገር ጀምሮላት ነበር፤ እሷ ግን «ስለ መኪና ደግሞ አንተ ልታስተምረኝ?» ብላ ኩም አደረገችው።

ጠዋት ከፖስታ ቤት የተቀበለችውን ደብዳቤውን፣ ስለ መኪናው እንዳይጠይቃት ፈርታ ሳትከፍተው ነበር የመጣችው። አሁን ከፈተችው።

«ያን ቀን ሳታስጨርሺኝ ቀረሽ» ይላል። «ይህ ሞተር ሲፈበረክም ዘይት እንዲበላ ተደርጎ ነው። እየጨመርሽ ንጂው።»