የእኛ ያልነበሩ ዝንቦች

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ በጣቴ ወደ ጋሼ እገፋዋለሁ። አያነሱትም። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፍተዋል።

«አየሽው?» ይሉኛል ቀና ሳይሉ። «ክሮሞዞሙ ድፍን ያለ! ስንት ጊዜ አይቼው አልጠግበው አልኩ እኮ።»

ጋሼ አስተማሪዬ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ጥያቄ ይዘው ከዚህች ክፍል አልወጡም። የፍራፍሬ ዝንብ ሴል ዲኤንኤውን ሲያባዛ ሁሉንም በእኩል ዐይን አያይም፤ በፕሮቲኖቹ ላይ ላላ ብሎ የተጠቀለለው ቀድሞ ይባዛል፣ ጥብቅ ብሎ የታጨቀው መጨረሻ ላይ ወረፋ ይደርሰዋል። በእጯ፣ ገና ክንፍ ባላወጣችው ትል፣ የምራቅ ዕጢ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ ሳይደርሰው ይቀራል። ክሮሞዞሙ እዚያ ቦታ ላይ ሊበጠስ እንደደረሰ ገመድ ይሳሳል። ያንን ቦታ ቆልፎ የያዘው ማነው? የጋሼ ጥያቄ ይኸው ነው።

መልሱን እኔና እሳቸው አገኘነው፤ አገኘነው ብለን ነበር። ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው አንድ ፕሮቲን የሌላቸው ዝንቦች አራባን፤ የሳሳው ቦታ ሞላ። ቆላፊው እሱ ነው ብለን ጻፍነው፣ ታተመ። ስድስት ዓመቴን በልቷል። ባሌ «ወይ እኔን ወይ ዝንቦቹን» ሲለኝ የሚቀልድ መስሎኝ ስቄበታለሁ። አልቀለደም።

«ጋሼ፣ እባክዎ ወረቀቱን ይዩት።»

«ምንድነው እሱ?»

«የዘረመል ምርመራ። ለጥንቃቄ ብዬ እነዚህኑ ዝንቦች አስመርምሬ ነበር።» ጣቴን መስመሩ ላይ አደርጋለሁ። «የእኛ ፕሮቲን አለ። አልጠፋም። የጠፋው ሌላ ነው፤ ያ ሌሎች ከብዙ ዓመት በፊት ያገኙት፣ ሁሉም የሚያውቀው። እነዚህ የእኛ ዝንቦች አይደሉም። መደርደሪያው ላይ ጎናቸው ከነበረው፣ ያኛው ፕሮቲን ከሌለው የድሮ ዘር ጋር ተቀላቅለዋል።»

አሁን ቀና ይላሉ። መነጽሩን አውርደው ወረቀቱን ያነባሉ፤ ጨርሰው እንደገና ከላይ ይጀምራሉ።

«መጠባበቂያዎቹስ? ታች ቤት ያስቀመጥናቸው?»

«እነሱ እውነተኞቹ ናቸው። አራብቼ አየኋቸው።»

«እና?»

«ቦታው እንደሳሳ ነው። ፕሮቲናችን ምንም አይሠራም፣ ጋሼ።»

ከበሩ አጠገብ ብልቃጥ የሚያጥቡት እትዬ ቧንቧውን ይዘጋሉ። ዝንቦቹን የሚቀልቡት፣ በየሁለት ሳምንቱ ወደ አዲስ ብልቃጥ የሚያዘዋውሩት እሳቸው ናቸው፤ «የዝንቦች እናት» እንላቸዋለን።

«ማን አቀላቀላቸው?» ይላሉ ጋሼ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም።

«እኔ ነኛ!» ይላሉ እትዬ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ። «ከእኔ ሌላ ማን ይነካቸዋል? እጄን ይቁረጠው!»

ውሸታቸውን ነው። ጠዋት ዝንቦቹን ማን እንዳዘዋወረ የሚጻፍበትን የድሮ መዝገብ ከእሳቸው ጋር ገልጠነዋል፤ የማን እጅ ጽሕፈት እንደሆነ ሁለታችንም አይተናል።

ጋሼ ወደ እኔ ይዞራሉ። «መጀመሪያ ድፍን ሆኖ ያየነው መቼ ነበር?»

«የዛሬ ስድስት ዓመት። ክረምቱ እንደገባ።»

ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። «አንቺ ያኔ አልነበርሽም» ይሏቸዋል እትዬን። «ወር ሙሉ አልጋ ይዘሽ ነበር። የማዘዋውራቸው እኔ ነበርኩ።»

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ እንኳ...»

«ተይው በቃ።»

የመደርደሪያው ብልቃጦች ውስጥ ዝንቦቹ ጥጡ ድረስ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ።

«እናስተካክለዋለን» እላለሁ። «ስህተት ነበር ብለን እንጽፋለን፤ ከዚያ...»

«ከዚያ?»

የምራቸውን ነው የሚጠይቁኝ። መልስ እንዳለኝ ሁሉ ዐይን ዐይኔን ያዩኛል። ለጡረታቸው ሦስት ሳምንት ቀርቷል። ክፍሏም ለሌላ ተሰጥታለች፤ የአዲሱ ሰው ካርቶኖች ኮሪደሩ ላይ ተደርድረዋል።

«ጻፊው» ይላሉ በመጨረሻ። «ዛሬውኑ። ስህተቱ የእኔ ነው ብለሽ ጀምሪ።»

«የሁለታችንም ስም ነው ያለበት፣ ጋሼ።»

«አንቺ ገና ነሽ፣ ልጄ።»

አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ሌላ ጥያቄ የለኝም፤ የነበረኝም የእሳቸው ነበር።

ተነሥተው ከወንበሩ ላይ ኮታቸውን ያነሳሉ። ግራ እጃቸውን ቀኝ እጅጌው ውስጥ ይሰዳሉ፤ አልገባ ይላቸዋል። ያወጡትና እዚያው እጅጌ ውስጥ መልሰው ይሰዱታል።

እትዬ ይጠጋሉ። ኮቱን ተቀብለው ያዞሩታል፣ እጃቸውን አንድ በአንድ ያስገቡላቸዋል፣ ከታች ጀምረው ይቆልፉላቸዋል። የላይኛው ቁልፍ ላይ ሲደርሱ ጋሼ፣ ትምህርት ቤት እንደሚሄድ ሕፃን፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው ይጠብቃሉ።